ከጋዋኑ በፊት

በ1957 ዓ.ም. መስከረም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለአዲሱ ዓመት በሩን ሲከፍት፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ብቻ ከቀራቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ ግቢው ውስጥ አልነበሩም። አልተባረሩም፣ ውጤትም አልጎደላቸውም። ሻንጣቸውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው ነበር። እዚያ የሚጠብቃቸው የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት፣ በልጆች የታጨቀ ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ ነው። ዓመቱን አስተምረው ካልተመለሱ ዲግሪ የለም፤ ዲግሪ ከሌለ ደግሞ ጥቁር ጋዋን ለብሶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት መቆም የለም።

ይህ ግዴታ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። ተማሪው ባጭሩ «ሰርቪስ» ይለዋል። ዛሬ ስለ ምርቃት ሲወራ የሚነሳው የፎቶ፣ የአበባና የድግስ ነገር ነው። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ተመራቂው ምን እንደተጠየቀ፣ ማን እንደጠየቀውና ለምን እንደጠየቀው ግን ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ወደ ኋላ የሚከተል ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ በዚህ አገር ትምህርትን ጨርሶ ማለፍ ብቻውን ለመመረቅ የበቃበት ዘመን አጭር ነው። በቀረው ዘመን ከማርኩ በላይ አንድ ሌላ ነገር ይጠየቅ ነበር።

ቃሉ ራሱ ይህን ያስታውሳል። ምርቃት አስቀድሞ የሽማግሌና የእናት አባት ቃል ነው፤ «እደግ፣ ተመንደግ» የሚባልበት። ገበያ ላይ ደግሞ ሻጭ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ እፍኝ የምትጨምረው እሱም ምርቃት ነው፤ ገዢው «ምርቃትስ?» ብሎ እጁን ይዘረጋል። በሁለቱም ምርቃት የሚመጣው ዋናው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ተቀባዩ የሚጨምረው ነገር የለም። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ቃሉ አቅጣጫውን ቀየረ። እዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጨምር የሚባለው ተመራቂው ነው።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ትምህርት ቤት የራሱ የማብቂያ ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬም አለው። ስሙ ማስመስከር ነው። አንድ የቆሎ ተማሪ ንባብ ቤትን፣ ዜማ ቤትን፣ ቅኔ ቤትን እያለፈ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በዕውቀት አድጎ ሌሎችን እስከ ማስቀጸል፣ ማለትም እስከ ማስጠናት፣ ሊደርስም ይችላል። ይህ ሁሉ ግን «አስመስክሯል» አያሰኘውም። ለማስመስከር በዚያ ትምህርት ዋና ምስክር ቤት ተብሎ ወደ ታወቀው ደብር መሄድ አለበት። ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ ስማቸው ይጠራል። ለድጓ ደግሞ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም ናት።

የቤተልሔም ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ፣ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያዳርስ ግዙፍ የዜማ መጽሐፍ ነው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የዜማ ስልቶች ይዜማል። ከየቃሉ በላይ ድምፁ የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትንና የሚርገበገብበትን የሚያሳዩ ደቃቅ ምልክቶች አሉት። እንደሚነገረው ምልክቶቹን የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ለማስመስከር የመጣው ተማሪ ይህን መጽሐፍ በቃሉ ማወቁ አይበቃም፤ በእጁ ጽፎ ማምጣት ይጠበቅበታል። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብዕር ቀርጾ፣ ፊደሉንና ምልክቱን አንድ በአንድ ያሰፍራል። ከዚያ በየኔታ ፊት መጽሐፉ ከቤተልሔም ድጓ ጋር እየተመሳከረ ይታረማል። የተሳሳተ ምልክት ካለ ይፋቃል፣ እንደገና ይጻፋል፤ ተማሪውም እንደገና ያዜመዋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት እንግዳ የሆነ ብልህነት አለ። የተመራቂው ማስረጃ ወረቀት ሳይሆን ራሱ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ያንን መጽሐፍ ይዞ ጉባኤ ይዘረጋል፤ ቀጣዮቹ ተማሪዎች ከእሱ ይማራሉ። እርማቱም የአንድ ሰው ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዜማው ከአገር አገር እየተለያየ እንዳይሄድ የሚጠብቀው ይኸው በአንድ ምስክር ቤት የሚደረግ ማመሳከር ነው።

የቅኔ ቤቱ ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣና ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤቱን መወድስ ሲቆጥር «ቤት ሞላ» ይባላል። ቅኔ ስለማይደገም ትናንት የተናገረውን ዛሬ ማምጣት አይችልም። ማለፉ የሚታወቀው በየቀኑ አዲስ ነገር በመፍጠሩ ነው፤ የሚመሰክሩለትም መምህሩና አብረውት የሚያድሩት ጓደኞቹ ናቸው።

አራት ኪሎ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከዚህ ሁሉ ጋር ዝምድና አልነበረውም። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር በዶክተር ሉስየን ማት መሪነት ነው። አሠራሩ ከውጭ የመጣ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ የመግቢያ መለኪያውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ጋር የተቆራኘ ነበር። «ማትሪክ» የሚለው ቃል በየቤቱ የገባው ያኔ ነው። ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን የሚያጎናጽፈው ቻርተር በ1946 ዓ.ም. ሐምሌ ተፈረመ፤ ኮሌጁም የመጀመሪያዎቹን የዲግሪ ተመራቂዎች በዚያው ዓመት አወጣ።

በእነዚያ ዓመታት የምርቃት መስፈርቱ ቀላልና ጥርት ያለ ነበር፦ ኮርስህን ጨርስ፣ ማርክህን አምጣ። ተመራቂው ስሙ ሲጠራ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል፣ እጅ ይነሣል፣ ዲፕሎማውን ከእጃቸው ይቀበላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ሆነው ይህን በገዛ እጃቸው የመስጠት ልማድ አጥብቀው ያዙት። ወላጅ ልጁን በዚያ ቦታ ማየቱ ከዲግሪው ያልተናነሰ ክብር ነበር።

ማርኩን ማምጣት ግን ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካለቀ በኋላ ከፍሬሽማኖቹ ብዙዎች ይሰናበታሉ። ገና ሲደርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ለሚወጡት ተማሪው «ክሪስማስ ግራጁዌት» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ሳቅ ቢመስልም፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጦ ለመጣ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቤቱ መመለስ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይስቅበትም።

ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ከከሸፈው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑት በዚሁ ቤተ መንግሥት ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ላይ ተመረቀ። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅና የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅም በየቦታቸው ሆነው የእሱ አካል ሆኑ።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ያኔ አገሩን ዞር ብሎ ሲያይ ያገኘው ባዶ ክፍል ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ ይከፈታል፣ አስተማሪ ግን የለም። ክፍተቱን የሚሞሉት ከህንድ የመጡ መምህራን ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ገቡ። የአገሩን ልጅ የአገሩ ልጅ የሚያስተምርበት መንገድ ጠፍቶ ሳለ፣ ስድስት ኪሎ ላይ በመንግሥት ወጪ የሚበሉ፣ የሚያድሩና የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ከከተማ የመጡ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ወጥተው ገጠሩን የማያውቁም አሉባቸው። ሲመረቁ የሚያስቡት መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

የመምህራኑ ጉባኤ የወሰነው ውሳኔ ከዚህ የመነጨ ነው። ማንኛውም መደበኛ ተማሪ ከመመረቁ በፊት፣ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ዓመት አስቀድሞ፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት አገሩን ያገለግላል። አገልግሎቱን በአጥጋቢ ሁኔታ መፈጸም ለዲግሪ እንደ ማንኛውም ኮርስ ግዴታ ሆነ። የሚከፈለው ለኑሮ የሚበቃ መጠነኛ አበል ነው። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ፤ ጥቂቶች በየሙያቸው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሄዱ።

ይህ በዘመኑ ለሌላው ዓለምም አዲስ ነገር ነበር። አገሩ ውስጥ የነበሩት አሜሪካውያን ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን አገልግሎቱ በተማሪዎቹ አመለካከት ላይ ያመጣውን ለውጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1966 አሳተሙ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ከገጠር አገልግሎት ጋር አስሮ ሁሉንም ተማሪ ሲያሰማራ ማየት ለብዙ አገር ምሁራን ትኩረት የሚስብ ነበር።

ተማሪው ሁሉ ግን በደስታ አልተቀበለውም። ግዴታው ያልደረሰበት ጓደኛው ተመርቆ ደመወዝ ሲጀምር እሱ በአበል ጠረፍ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ገንዘብም አንድ ዓመት ይዘገያል። ያም ሆኖ ሰርቪስ ከታሰበለት በላይ ሠራ። የሃያ ዓመት ወጣት አስተማሪ ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ከእሱ ብዙ የማያንስ ነው፤ አንዳንዱ እኩያውም ይሆናል። ማታ ማታ አብረው ያነባሉ። ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር እንደ እሱ ያለ ሰው የሚገባበት ቦታ መሆኑን በዓይኑ አየ። ከህንዳዊው ወይም ከአሜሪካዊው መምህር ያንኑ ያህል ወይም የበለጠ ፊዚክስ ሊማር ይችላል፤ ይህን ተስፋ ግን ከእነሱ ማግኘት አይችልም ነበር።

የተመዘገበው ሌላ ውጤት ደግሞ ማንም ያላቀደው ነው። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የመጀመሪያዎቹ የሰርቪስ ዘማቾች በዚያን ጊዜ መሬት አልባውን ጭሰኛ በየገጠሩ በዓይናቸው እያዩት ነበር። መጽሐፍ ላይ ያነበቡትን የእርሻ ግብር፣ ሲሶውንና እኩሉን፣ አራሹ እያለቀሰ ሲከፍል አዩት። የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ በሰፊው የጻፉት ራንዲ ሮኒንግ ባልስቪክም ሆኑ ባሕሩ ዘውዴ፣ ንቅናቄው ከስድስት ኪሎ ወጥቶ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲሰራጭ ሰርቪስ የነበረውን ድርሻ ያሳያሉ። በ1961 ዓ.ም. በየከተማው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አድማ ሲመቱ፣ በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ የሰርቪስ መምህር ነበር።

መንግሥት አንድን ወጣት ዲግሪ ከመስጠቱ በፊት አገሩን እንዲያውቅ ጠየቀው፤ ወጣቱም አወቀ። ካወቀ በኋላ ግን ሲመለስ ዝም ብሎ ጋዋኑን የሚለብስ ሰው አልነበረም። በእነዚያ የምርቃት ቀናት ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሚራመዱት ወጣቶች ጭንቅላታቸው ውስጥ ምን ይዘው እንደሚራመዱ ለማሰብ ይህ ይበቃል። እጅ ይነሣሉ፣ ወረቀቱን ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ያዩትን ገበሬ አልረሱም።

አብዮቱ ሲመጣ ሰርቪስ በአሥር ሺዎች ሕይወት ላይ የወደቀ ትልቅ ነገር ሆኖ ተመለሰ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን፣ በድምሩ 60 ሺህ ያህል ሰው፣ ወደ ገጠር አሰማራ። ያልዘመተ ትምህርቱን እንዳይቀጥልና ሥራ እንዳይቀጠር የሚያግድ መመሪያ ወጣ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው ያወጣው መስፈርት ነበር፤ ዘመቻው ደግሞ ወታደራዊ መንግሥት በተማሪው ላይ ያወጀው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ስሙም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዘማቾቹ መካከል ተመልሰው ለመመረቅ ያልበቁ፣ በቀጣዮቹ የቀይ ሽብር ዓመታት ያለቁ አሉ። የእነዚያ ዓመታት የምርቃት ዝርዝር ሲነበብ የሚጎድሉት ስሞች በውጤት ማነስ የጎደሉ አይደሉም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መስፈርቶች ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ግን የተመራቂውን ሕይወት ይነካሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተማሪው የትምህርቱን፣ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ከፊል እንዲጋራ የሚያስገድደው ደንብ ወጣ። «ኮስት ሼሪንግ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያውቀው ሆነ። ተማሪው ውል ይፈርማል፣ አማካይ ውጤቱ ከ2.00 ሳይወርድ ይጨርሳል፣ ክሊራንስ ይዞ ከቤተ መጻሕፍት እስከ መኝታ ክፍል ፊርማ ያሰባስባል፣ ጋዋን ይከራያል። መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ ይጨብጣል። ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ግን ጊዜያዊው ወረቀት ነው። ኦሪጅናሉ ዲግሪ ዕዳው እስኪከፈል ወይም በአገልግሎት እስኪተካ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቆያል። በዚህ መንገድ ምርቃቱና ዲግሪው ተለያዩ። አንድ ሰው በቤተሰቡ ፊት ተመርቆ፣ በሬጅስትራር ፊት ገና ባለዕዳ ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩ ለውጥ የመውጫ ፈተና ነው። የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ይፈተኑ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች፣ ለመንግሥትም ለግልም ተቋማት ተደረገ። የማለፊያው ነጥብ 50 ሆነ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው። አራትና አምስት ዓመት ተምረው፣ በየኮርሳቸው አልፈው የነበሩ ከግማሽ በላይ ወጣቶች አንድ ቀን ባገኙት ውጤት ተመራቂ አለመሆናቸውን አወቁ። ይህ ቁጥር ስለ ተማሪዎቹ የሚናገረውን ያህል ስላስተማሯቸው ተቋማት ይናገራል። ለዓመታት «አልፈሃል» ሲባል የነበረ ልጅ ስንፍናው ብቻውን እዚያ አላደረሰውም።

ፈተናው አያስፈልግም ማለት ግን አይቻልም። ቤተልሔምም ትፈትናለች፤ ያውም ሌላ ቦታ ለዓመታት የተማረን ሰው፣ ሌላ መምህር አውቋል ያለውን። ከየአካባቢው የመጣ ዕውቀት በአንድ ሚዛን መመዘን እንዳለበት የዜማ መምህራኑ ቀድመው ያውቁት ነበር። መለያየቱ ያለው ሚዛኑ ጉድለት ካሳየ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው።

ጋይንት ውስጥ፣ ድጓው ተመሳክሮ ስህተት የተገኘበት ተማሪ ከየኔታ ፊት ተነሥቶ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ጎጆው እዚያው ደብሩ አጠገብ ነው፣ ጓደኞቹም እዚያው ናቸው። የተፋቀውን መስመር እንደገና ይጽፋል፤ በማግስቱ የኔታ እዚያው ይጠብቁታል፣ ከተሳሳተበትም ቦታ ያስቀጥሉታል። የመውጫ ፈተናውን የወደቀ ተማሪ ድጋሚ የመፈተን ዕድል አለው። ነገር ግን ክሊራንሱን ጨርሷል፣ የመኝታ ቁልፉን መልሷል፣ የካፌ ካርዱም ተሰብስቧል። ጥናቱን የሚቀጥለው አስተማሪዎቹ በሌሉበት፣ ወላጆቹ ቤት ውስጥ፣ ለምርቃቱ ቀን ተገዝቶ ሳይለበስ የቀረ ሱፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየው ነው።